አስም ለምን ሌሊት ይበረታል? መድኃኒቱስ በስንት ሰዓት ይወሰድ?

አስም ያለበት ሰው ሌሊቱን ያውቀዋል። ቀኑን ሙሉ ደህና ሲሠራ ውሎ፣ ደህና እራቱን በልቶ ይተኛል። ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ሲሆን ግን ደረቱ ጭምድድ ብሎ፣ ትንፋሹ ሲር ሲር እያለ ይነቃል። ጠዋት «ምን ሆነህ ነው?» ሲባል መልሱ የታወቀ ነው። «ብርድ መቶኝ ነው።»

ብርድ የራሱ ድርሻ አለው፤ አልክድም። ግን በሞቃት ከተማ የሚኖርም፣ ማሞቂያ ባለው ቤት የሚተኛም አስመኛ በዚያው ሰዓት ይነቃል። ከብርዱ በላይ ሌላ ነገር አለ። ሰውነታችን የራሱ የሰዓት አቆጣጠር አለው፤ ሳንባም ለዚያ ሰዓት ይገዛል። ይህን መረዳት የሚጠቅመው ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም። የትኛው መድኃኒት በየትኛው ሰዓት ቢወሰድ እንደሚሻል፣ የሌሊቱ መንቃትም ምን እየነገረን እንደሆነ ከዚህ ይጀምራል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ እዚህ የምጠቅሳቸው ሰዓቶች በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው። ውጭ አገር ያለ አንባቢ ስድስት ሰዓት እየጨመረ ወይም እየቀነሰ ያንብብ። ዓመቶቹ ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጆን ፍሎየር የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ራሱ አስመኛ ነበር። በ1698 ሕመሙ የሚነሳበት ሌሊት እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ መሆኑን ጽፏል። ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1988፣ እዚያው ብሪታንያ ውስጥ የ7,729 አስመኞች መረጃ ተሰብስቦ ታተመ። ከመካከላቸው 74 በመቶው ቢያንስ በሳምንት አንድ ሌሊት በአስም ምክንያት ይነቁ ነበር። ዛሬ የተሻሉ መድኃኒቶች አሉ። ሌሊት መንቃት ግን አልቀረም።

ጤነኛ ሰው ላይም ቢሆን የአየር ቧንቧዎች ቀኑን ሙሉ እኩል አይከፈቱም። በደንብ የሚሰፉት ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ነው። የሚጠብቡት ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ። በጤነኛ ሰው ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ማንም አያስተውለውም። አስመኛ ላይ ግን ቧንቧው አስቀድሞ ያበጠና የቆጣ ነው። ስለዚህ ያች ትንሽ ጥበት ተባብሳ ትመጣለች። ሕመሙ በከፋበት ሰው የሳንባ አቅም ሌሊት እስከ ግማሽ ሊወርድ ይችላል።

«የተኛ ሰው ስለሆነ ነዋ፤ መጋደሙ ነው፣ አንሶላው ውስጥ ያለው አቧራ ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ሐኪሞችም ለብዙ ጊዜ የተከራከሩት በዚሁ ነው። ይህን ለመለየት የአሜሪካ ተመራማሪዎች ያደረጉት ሙከራ ደስ ይላል። በቦስተኑ ብሪገም ኤንድ ዊመንስ ሆስፒታል እና በኦሪገን ጤናና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ውጤቱን ያወጡት በ2021 ነው። 17 አስመኞችን ደብዛዛ ብርሃን ባለበት ክፍል አስቀመጡ። ሰዓት አያዩም፤ ፀሐይ አያዩም። በአንዱ ሙከራ 38 ሰዓት ሳይተኙ፣ ከፊል ጋደም እንዳሉ፣ በየሁለት ሰዓቱ ያችኑ መክሰስ እየበሉ ቆዩ። በሌላው ደግሞ ቀኑ 28 ሰዓት እንዲሆን ተደረገ። በዚህ መንገድ የሚተኙበትና የሚነሱበት ሰዓት ከውስጣዊው ሰዓታቸው ጋር ተፋታ።

የተገኘው ነገር ግልጽ ነበር። ሰዎቹ ተኙም ነቁም፣ ውስጣዊው ሰዓት «ሌሊት ነው» ባለ ጊዜ የሳንባቸው አቅም ይወርዳል። ባሻቸው ጊዜ ፓፍ (በአፍ የሚሳበውን የቧንቧ መክፈቻ) እንዲወስዱ ተፈቅዶላቸው ስለነበር፣ በሰውነታቸው ሌሊት የወሰዱት ከቀኑ እስከ አራት እጥፍ ደርሷል። እንቅልፍና መጋደም የየራሳቸውን ጫና ይጨምራሉ፤ ግን ብቻቸውን አይደሉም። ደግሞም አስሙ ቀድሞውኑ የበረታበት ሰው ላይ የሌሊቱ ማሽቆልቆልም ይበልጥ ነበር።

ይህ ውስጣዊ ሰዓት የት ነው ያለው? ዋናው አንጎል ውስጥ፣ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚገናኙበት ከፍ ብሎ ነው። ወደ 20 ሺህ ገደማ የሚጠጉ ሕዋሳት ያሉበት ደቃቅ ቦታ ነው። በዓይን በኩል የሚገባውን ብርሃን እያየ ቀንና ሌሊትን ይለያል። እሱ ብቻም አይደለም። የሳንባ ሕዋሳትን ጨምሮ አብዛኛው የሰውነት ሕዋስ የራሱ ትንሽ ሰዓት አለው፤ የተወሰኑ ዘረ-መሎች በ24 ሰዓት ውስጥ እየበሩና እየጠፉ ይቆጥሩታል። ይህን አሠራር የፈቱት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽ እና ማይክል ያንግ በ2017 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል።

ሌሊት ላይ ሰውነት ውስጥ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ይቀየራል። ኮርቲዞል የሚባለው፣ ሰውነት ራሱ የሚሠራው የብግነት (የማበጥና የመቆጣት) መቆጣጠሪያ ሆርሞን፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ ዝቅ ይላል። ወደ ላይ የሚወጣው ንጋት ላይ ነው። ቧንቧን ከፍቶ የሚይዘው አድሬናሊንም ሌሊት ይቀንሳል። በተቃራኒው ሰውነት ሲያርፍ የሚሠራው የነርቭ መስመር ይበረታል፤ ይህ ነርቭ የአየር ቧንቧን ጡንቻ ያጠብቀዋል። ለአለርጂ የሚነሱት ነጭ የደም ሕዋሳት ደግሞ ሳንባ ውስጥ የሚበዙት በዚሁ ሰዓት ነው። እንግዲህ መከላከያው ሲደክም አጥቂው ይበረታል። በዚህ ላይ ከጨጓራ ወደ ላይ የሚመለስ አሲድ፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ ውስጥ ያለ ብናኝ፣ ማታ የተጫጫሰ እጣን ወይም ክፍል ውስጥ የገባ ከሰል ከተጨመረ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ መንቃት አይገርምም።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። ብዙ ሰው «የአስም መድኃኒት» ሲል ሁሉንም አንድ ያደርጋል። ሰዓትን በተመለከተ ግን እያንዳንዱ የተለየ ነው።

ሳልቡታሞልን እናንሳ። ብዙ ጊዜ ሰማያዊ የሆነው፣ አብዛኛው ሰው «ፓፍ» ሲል የሚያስበው እሱን ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ጡንቻውን ያላቅቃል። የሚቆየው ግን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ብቻ ነው። እስቲ እናስላው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ «እንዳይነሳብኝ» ብሎ ሁለት ፓፍ ስቦ የተኛ ሰው፣ መድኃኒቱ የሚያልቅበት ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ልክ ቧንቧው የሚጠብበት ሰዓት ላይ ባዶ እጁን ይቀራል ማለት ነው። ሳልቡታሞል ሲያፍን የሚወሰድ እንጂ በሰዓት የሚወሰድ መድኃኒት አይደለም። ጭሱን ይበትናል እንጂ እሳቱን አያጠፋም። ብግነቱን አይነካውም።

እሳቱን የሚያጠፋው ሌላው ፓፍ ነው። የሚተነፈስ ስቴሮይድ ይባላል። ቤክሎሜታዞን፣ ቡዴሶናይድና ፍሉቲካዞን የዚህ ቤተሰብ ናቸው። ሲወሰድ ወዲያው እፎይ አያሰኝም፤ ለዚህ ነው ብዙ ሰው «አይሠራም» ብሎ የሚተወው። በጣም የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው። ሰው ዋናውን መድኃኒት መሳቢያ ውስጥ ትቶ በሰማያዊው ብቻ ዓመት ይገፋል። ጂና የሚባለው ዓለም አቀፍ የአስም ተቋም በ2019 ይህን በግልጽ ተናግሯል፦ አዋቂዎችንና ጎረምሶችን በሳልቡታሞል ብቻ ማከም አይመከርም። በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ የሳልቡታሞል ብልቃጥ የጨረሰ ሰው ለከባድ ጥቃት የበለጠ የተጋለጠ ነው። በወር አንድ ወይም ከዚያ በላይ የሚጨርስ ደግሞ ለሞት ጭምር ይጋለጣል።

ታዲያ ስቴሮይዱ በስንት ሰዓት ይወሰድ? የተለመደው ጠዋትና ማታ ነው። በቅርቡ ግን የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሰዎች አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ያንኑ መጠን በቀን አንዴ፣ ከሰዓት በኋላ ብንሰጠውስ? መለስተኛና መካከለኛ አስም ያለባቸው፣ አለርጂም ያላቸው 25 ሰዎችን መረጡ። መድኃኒቱ ቤክሎሜታዞን ነበር፤ በአገራችን ፋርማሲዎችም የሚታወቀው። እያንዳንዱ ሰው በሦስት ዙር በሦስት መንገድ ሞከረው፤ እያንዳንዱ ዙር 28 ቀን ነው። በአንዱ 400 ማይክሮግራም ከጠዋቱ 2 እስከ 3 ሰዓት። በሌላው ያንኑ 400 ከቀኑ 9 እስከ 10 ሰዓት። በሦስተኛው 200 ጠዋት፣ 200 ማታ። ውጤቱ በ2025 ታተመ። የሌሊቱን የሳንባ ማሽቆልቆል ከሁሉም በተሻለ የገታው የከሰዓቱ ነው። ሌሊት የሚለካው የአለርጂ ነጭ ደም ሕዋስም በዚሁ ቀነሰ። የመድኃኒቱ መጠን በቀን ያው ነው፤ የተቀየረው ሰዓቱ ብቻ ነው።

ለምን ይሆን? ስቴሮይድ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ብግነት የሚያነሱትን ዘረ-መሎች እስኪያጠፋ ሰዓታት ይፈጅበታል። ከቀኑ 9 ሰዓት ሲወሰድ፣ ብግነቱ ማታ ሽቅብ መውጣት ሳይጀምር ቀድሞ ቦታውን ይይዛል።

ሐሳቡ ከየትም የመጣ አይደለም። በ1992 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሌሊት አስም የሚነሳባቸው ሰባት ሰዎች ላይ የሚዋጥ ስቴሮይድን ሞክረው ነበር። ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት እና ከምሽቱ 2 ሰዓት። ያኔም ሌሊቱን ያሻሻለው የ9 ሰዓቱ ነው።

ይህን አንብቦ ነገ ጠዋት ፓፉን ወደ ከሰዓት የሚያዞር ሰው እንዳይኖር እሠጋለሁ። 25 ሰው ትንሽ ነው። ሰባት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ጥናቱ ከባድ አስም ያለባቸውን አላካተተም። «በቀን ሁለቴ» ተብሎ የታዘዘለት ሰው በራሱ ፈቃድ ወደ አንዴ ቢያወርደው መጠኑን በግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ሌላም ነገር አለ። ጠዋትና ማታ ፊት ከመታጠብ ጋር፣ ጥርስ ከመቦረሽ ጋር ይያያዛል፤ ስለዚህ አይረሳም። ከቀኑ 9 ሰዓት ግን ሰው ሥራ ላይ ነው፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው፣ ክፍል ውስጥ ነው። በተመቸ ሰዓት በየቀኑ የተወሰደ ፓፍ፣ በ«ትክክለኛው» ሰዓት እየተረሳ ከሚቀረው በብዙ ይሻላል። ለሐኪም የሚቀርበው ጥያቄ ግን ጥሩ ጥያቄ ነው፦ «ሌሊት ይነሳብኛል፤ ሰዓቱን ብናስተካክለው ይረዳኝ ይሆን?»

የሚዋጡትን በተመለከተ፣ ሞንቴሉካስት ለአስም ማታ ማታ ይወሰዳል። በአንዳንድ ሰው ላይ ቅዠት፣ እንቅልፍ ማጣትና የስሜት መለዋወጥ ስለሚያመጣ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2020 ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ አስጽፎበታል። ሕፃን ልጅ መድኃኒቱን ከጀመረ በኋላ ጠባዩ ከተቀየረ ወላጅ ዝም ማለት የለበትም። ቲዮፊሊን የቆየ መድኃኒት ነው። ቀስ እያለ የሚለቀቀው ዓይነት ሌሊቱን እንዲሸፍን ተብሎ ማታ ሲሰጥ ኖሯል። ነገር ግን በሚጠቅመውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው፤ ያለ ሐኪም የሚጨመር አይደለም። ፕሬድኒሶሎን ለጥቂት ቀናት ሲታዘዝ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት፣ ከምግብ ጋር ነው። ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሳል። የሰውነትን የራሱን ኮርቲዞልም ይበልጥ ይጫናል። ከላይ ያነሳሁት የ9 ሰዓቱ ሙከራ እንዳለ ሆኖ፣ ጠዋት የሚባለው ለዚህ ነው።

ሌላ የፓፍ ዓይነትም አለ፤ ስቴሮይድና ረጅም ሰዓት የሚሠራ የቧንቧ መክፈቻ በአንድ ላይ የያዘ። ፎርሞቴሮል ወይም ሳልሜቴሮል ያለበት ነው። 12 ሰዓት ያህል ስለሚቆይ የማታው ፓፍ ሌሊቱን ያሳድራል። ቡዴሶናይድ ከፎርሞቴሮል ጋር ያለውን ደግሞ ጂና ሲያፍንም እንዲወሰድ ይመክራል፤ ፎርሞቴሮል ቶሎ ስለሚሠራ ነው። ዋጋውና አቅርቦቱ ለሁሉም የሚመች አይደለም። የሚችል ሰው ግን ሐኪሙን ይጠይቅ።

የሰዓት ነገር ከመነሳቱ በፊት ግን አሳሳቡ መታየት አለበት። ብዙ ሰው ፓፉን ሲጫነው መድኃኒቱ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። በደንብ መነቅነቅ፣ ትንፋሽን ማውጣት፣ ቀስ እያሉ በረጅሙ መሳብ፣ ከዚያ አሥር ሰከንድ ያህል መያዝ። ስፔሰር፣ ማለትም በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባው ባዶ ቱቦ፣ ካለ በጣም ይረዳል። ከሌለ ግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ውኃ ጠርሙስ ይበቃል። ቂጡን ለፓፉ አፍ በልኩ ቀድዶ፣ ፓፉን እዚያ ሰክቶ፣ በጠርሙሱ አፍ መሳብ ነው። ይህ ዝም ብሎ የሰፈር ብልሃት አይደለም። በ1999 የታተመ የደቡብ አፍሪካ ጥናት ሕፃናት ላይ አይቶት፣ በአግባቡ የተሠራ ጠርሙስ ከተገዛው እንደማያንስ አሳይቷል። ስቴሮይድ ከተሳበ በኋላ አፍን በውኃ ተጉመጥሙጦ መትፋት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ምላስ ላይ ነጭ ፈንገስ ሊወጣ ይችላል።

የሌሊቱን ነገር በቁጥር ማየት ለሚፈልግ ፒክ ፍሎው ሜትር የምትባል ትንሽ የእጅ መሣሪያ አለች። በኃይል ሲተነፍሱባት ቁጥር ታሳያለች። ጠዋት ሲነሱ፣ መድኃኒት ሳይወስዱ፣ አንዴ። ማታ አንዴ። ለሁለት ሳምንት ደብተር ላይ መጻፍ ነው። ለምሳሌ ማታ 400፣ ጠዋት 320 ቢሆን፣ ልዩነቱ 80 ነው። የሁለቱ አማካይ 360። 80 ለ360 ሲካፈል 22 በመቶ ይሆናል። የሁለት ሳምንቱ አማካይ በአዋቂ ከ10 በመቶ፣ በልጅ ከ13 በመቶ ካለፈ ልዩነቱ በዝቷል ማለት ነው። ይህን ደብተር ይዞ የሚገባ ታካሚ ሐኪሙን ግማሽ መንገድ አግዞታል። መሣሪያው ከሌለ የነቁበትን ሌሊትና ሰዓት መጻፍም ያው ነው። ምክንያቱም ባለፉት አራት ሳምንታት በአስም አንድ ሌሊት እንኳ መንቃት፣ በጂና መመዘኛ፣ ሕመሙ ሙሉ በሙሉ አለመገታቱን ያሳያል። «ሁልጊዜም እንዲህ ነኝ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ጾም የሚጾሙ ሰዎች ይጠይቃሉ። ረመዳን ላይ ጠዋትና ማታ የሚወሰደው ፓፍ ከሱሁርና ከኢፍጣር ጋር በቀላሉ ይገጥማል። ሲያፍን የሚወሰደው ፓፍ ጾም ይፈታል አይፈታም በሚለው ላይ ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት ስላላቸው፣ ሕመምተኛው ጾሙ ሳይገባ ሁለቱንም፣ ሐኪሙንና የሃይማኖት አባቱን፣ ቢያማክር ይሻላል። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ሰዎች ደግሞ፣ ሐኪማቸው የከሰዓቱን መርሐ ግብር ከመረጠላቸው የማይረሳ ሰዓት አላቸው። በየትኛውም ጾም ግን ትንፋሽ አጥሮ መድኃኒት መከልከል የለም።

ሌሊት የሚሠሩትም የተለየ ችግር አለባቸው። ጥበቃ፣ ነርስ፣ ዳቦ ጋጋሪ፤ ውጭ አገር ደግሞ ሌሊት የሚነዳና አረጋውያን ቤት ሌሊት የሚገባ ወገን ብዙ ነው። በ2020 የወጣ የብሪታንያ ጥናት ሁልጊዜ ሌሊት የሚሠሩ ሰዎች ከቀን ሠራተኞች ይልቅ መካከለኛ ወይም ከባድ አስም የመኖሩ ዕድል 36 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። የእነዚህ ሰዎች ውስጣዊ ሰዓት ከሥራቸው ጋር ሙሉ በሙሉ አይዞርም። ስለዚህ «ማታ ውሰድ» የሚለው ትእዛዝ ለእነሱ ከመኝታ በፊት ይሁን ወይስ ጀምበር ስትጠልቅ፣ ሐኪሙ ፈረቃቸውን አውቆ ሊነግራቸው ይገባል። ብዙ ጊዜ ሐኪም አይጠይቅም፤ ራሳቸው ይናገሩ።

ሌሊት ከተነሳስ? ቀጥ ብሎ መቀመጥ፣ የሚያስታግሰውን ፓፍ በስፔሰር ወይም በጠርሙሱ መሳብ። በሳልቡታሞል ከሆነ በከባድ ጊዜ ከ4 እስከ 10 ፓፍ፣ አንድ በአንድ፣ በየ20 ደቂቃው እስከ አንድ ሰዓት ይደገማል። ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ቤት ተቀምጦ መጠበቅ ማለት አይደለም። ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተ፣ ከንፈር ወይም ጥፍር ከጠቆረ፣ የጎድን አጥንት መሐል ቆዳው ወደ ውስጥ እየገባ ከሆነ፣ ወይም የመጀመሪያው ፓፍ ካልረዳ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው፤ ፓፉን መንገድ ላይም እየሳቡ። ሲር ሲር የሚለው ድምፅ ድንገት ጠፍቶ ሰውየው ከደከመ ተሻለው ማለት ላይሆን ይችላል። አየር ማለፍ ሲያቆም ድምፁም ይጠፋል። ሊነጋ ሁለት ሰዓት ቀርቶታል ብሎ ጎሕ እስኪቀድ መጠበቅ አይገባም፤ ቧንቧው ከሁሉ በላይ የሚጠብበት ያው ሰዓት ነውና።